ሰማዩ ለቴሌቪዥን፣ መስመሩ ለኢንተርኔት

አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከበ ወይም የራሱን ግንባታ የጨረሰ ቤተሰብ ስለ ወለል፣ ስለ በርና ስለ ቀለም ሲጨነቅ ይከርምና ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ «የማንን ኢንተርኔት እናስገባ? ቴሌቪዥኑንስ በምን እንየው?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚነሣበት ጊዜና መንገድ ግን መልሱን ያበላሸዋል። ግድግዳው ተለስኖ አልቋል፤ ሁለቱም ነገሮች እንደ አንድ ዕቃ ይታያሉ። ስማርት ቲቪ ስለተገዛ ዋይፋይ ከገባ ሌላው ሁሉ በእሱ በኩል ይመጣል ተብሎ ይታሰባል፤ ካልሆነም ጎረቤት የሚጠቀምበት ድርጅት ተጠይቆ ያው ይደገማል። የእኔ ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ዛሬ ባለው የኢትዮጵያ ሁኔታ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ተለያይተው ሊመረጡ ይገባል። የቀጥታ ስርጭቱን ለሳተላይት ዲሽ መተው፣ ኢንተርኔቱን ደግሞ ዲሽ ሊሠራው ለማይችለው ሥራ መጥኖ መግዛት ለኪስም ለሰላምም ይበጃል። የድርጅት ስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ሁለቱ ነገሮች ወደ ቤት የሚገቡበትን መንገድ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሲጀመር ምስሉ የሚመጣው መሬት ላይ ከተተከለ ማሠራጫ ነበር፤ ተመልካቹም ለአሥርት ዓመታት አንድ ጣቢያ ብቻ ይዞ ኖሯል። ምርጫው የሰፋው ዲሽ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ዲሹ የሚያየው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ከምድር መሽከርከር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ከታች ለሚያየው ሁልጊዜ አንድ ቦታ የቆመ ያህል ነው። አንዴ በትክክል የታሰረ ዲሽ ሊነካ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ለኢትዮጵያ ቤቶች ዋነኞቹ የሰማይ አድራሻዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለው ናይልሳት ነው፤ የዐረብ አገራትን ጣቢያዎች ከማስተላለፉ ጎን ለጎን ለብዙ ዓመታት የአማርኛና የሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ጣቢያዎች ማደሪያ ሆኖ ቆይቷል። ሁለተኛው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ የሚገኘው ኤንኤስኤስ-12 ነው፤ የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ከኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ጋር ኢትዮሳት የተባለውን የጣቢያዎች ስብስብ የመሠረተው በዚህ ሳተላይት ላይ ነው። በእነዚህ ሁለት አቅጣጫዎች የሚመጡት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በአብዛኛው ነጻ ናቸው፤ ካርድ የላቸውም፣ ወርሃዊ ክፍያም የላቸውም። ዲሽ፣ ኤልኤንቢ (ዲሹ ላይ የሚታሰረው ምልክት ተቀባይ)፣ ገመድና ሪሲቨር አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ለጣቢያዎቹ የደንበኝነት ክፍያ አይከፍልም። ለምደነው እንጂ ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

በዚህ መንገድ ውስጥ አንድ ጠባይ አለ፤ ክርክሬ ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ሳተላይቱ ምስሉን የሚልከው ለማንም ለይቶ አይደለም። ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ አንድ ሺህ ሰው ቢሰማውም አንድ ሚሊዮን ቢሰማውም ደዋዩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚደውለው። የማታው 2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ወይም የፋሲካ ሌሊት ሥርዓተ ቅዳሴ በቀጥታ ሲተላለፍ አገሩ ሁሉ ቢከፍተውም ምስሉ አይንቀራፈፍም፤ የአንዱ ማየት ከሌላው ላይ ምንም አይቀንስም። ኢንተርኔት ግን የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ዩቲዩብ ላይ ያንኑ ዜና በቀጥታ ለሚከታተሉ አሥር ቤቶች አሥር የተለያዩ ቅጂዎች ይላካሉ። እያንዳንዱ ቅጂ ከማዕከሉ እስከ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩ እስከ ቤቱ ባለው መስመር ላይ የራሱን ቦታ ይይዛል። ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ማየት ሲፈልግ ዲሽ ጥንካሬው የሚታየው፣ ኢንተርኔት ደግሞ ድካሙ የሚታየው በዚያው ሰዓት ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ ባስቀመጠው ልኬት መሠረት መደበኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ ከፍተኛ ጥራት ያለው ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ ሌሎቹ አገልግሎቶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በኢትዮጵያ ቤት ቴሌቪዥን የሚታይ ብቻ ሳይሆን ተከፍቶ የሚውል ዕቃ ነው። ቡና ሲፈላ ይናገራል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይናገራል፣ እራት ሲቀርብ ይናገራል። በቀን 6 ሰዓት ብቻ ተከፍቶ ይዋል ብንል፣ በመደበኛ ጥራት በወር 180 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ 540 ጊጋባይት ይሆናል። በሞባይል ዳታ ፓኬጅ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ የማይታሰብ ቁጥር ነው። ያልተገደበ መስመር ያለውም ቢሆን በሌላ መንገድ ይከፍለዋል። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ ቤቱ የገዛው መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነ ማንም በቅጡ የማያየው ቴሌቪዥን ግማሹን ወሰደ ማለት ነው። ማታ ተማሪው ፋይል ሲያወርድ፣ እናት ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ካለች ልጇ ጋር በቪዲዮ ስትነጋገር፣ የተረፈውን ግማሽ ይሻማሉ። ያን ጊዜ «ኔትወርኩ አይሠራም» ይባላል፤ መስመሩ ግን ሥራው ያልሆነውን ተሸክሞ ነው የደከመው።

ከሒሳቡ ሌላም ማስረጃ አለ፤ ማንሣቱ ደስ ባይልም መተው አይቻልም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት በአገሪቱ በሙሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። ከዚያ በፊት በሰኔ 2011 ዓ.ም.ም ተመሳሳይ መቋረጥ ነበር። በእነዚያ ቀናት ቴሌቪዥኑን በኢንተርኔት ላይ ብቻ የሰቀለ ቤት ዜናውንም መዝናኛውንም አጥቶ ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ዲሽ ያለው ግን መቋረጡ አልደረሰበትም። በተገላቢጦሹም ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲ ወይም ሳተላይት የሚቀይሩበት ጊዜ አለ፤ ያኔ አዲሱን ፍሪኩዌንሲ የሚነግረን ኢንተርኔቱ ነው። ሁለት መንገድ ያለው ቤት አንዱ ሲዘጋ በሌላው ይደርሳል።

ቴሌቪዥኑ ለሰማይ ይተው ከተባለ ቀጣዩ ጥያቄ የተረከብነው ቤት ሰማዩን ያያል ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ለዲሽ ሠሪው ትቶት ይሄዳል፤ ባለቤቱ ራሱ በአንድ ማለዳ ሊያጣራው የሚችል ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት ወደ ምዕራብ፣ በጥቂቱ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታም 37 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ ያለ ሳተላይት ነው ማለት ነው። ኤንኤስኤስ-12 ግን ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ መካከል ሆኖ 66 ዲግሪ ከፍ ብሏል። በወርሃዊ ክፍያ የሚታየው ዲኤስቲቪ የሚመጣበት 36 ዲግሪ ምሥራቅ ደግሞ ወደ 79 ዲግሪ ስለሚጠጋ ከራስ በላይ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ከዚህ ቁጥር የሚወጣው ትርጉም እንዲህ ነው፤ በምዕራብ በኩል ያለው የጎረቤት ሕንፃ ከዲሻችን ቦታ በላይ 12 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ናይልሳትን ለማየት ቢያንስ 16 ሜትር መራቅ አለበት። በምሥራቅ በኩል ያው 12 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ 6 ሜትር ብቻ ቢርቅ እንኳ ኢትዮሳት ያልፋል። ብሎኮች ተጠጋግተው በተሠሩበት ሰፈር፣ በተለይ በረንዳው ወደ ምሥራቅ ለሚያይ የታችኛው ፎቅ ነዋሪ፣ ናይልሳትን ማባረር ገንዘብና ትዕግሥት መጨረስ ነው፤ ኢትዮሳት ግን በረንዳው ላይ ሊሠራለት ይችላል። በረንዳው ወደ ምዕራብ የሆነው ደግሞ ከራሱ ሕንፃ ጀርባ ያለውን የምሥራቁን ሰማይ ለማግኘት ጣሪያ መውጣት ግድ ይለዋል። ሁለቱንም የሚፈልግ በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ አስሬ እገላገላለሁ እንዳይል፤ በሁለቱ ሳተላይቶች መካከል 64 ዲግሪ ርቀት ስላለ ሁለት ዲሽና አንድ ስዊች ያስፈልገዋል። የዲሹ ስፋትም የሚናቅ ነገር አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ሲጥል ከሰማይ የሚመጣው ምልክት በዝናቡ ውስጥ ይዳከማል፤ ትንሽ ዲሽ በበጋ ደህና ሠርቶ በክረምት ምስሉን እየቆራረጠ የሚያስመርረው ለዚህ ነው። ሲገዛ አንድ ደረጃ ሰፋ ያለውን መምረጥ ለዓመታት ይጠቅማል።

ወደ ግድግዳው እንመለስ፤ ሊመለስ የማይችለው ስሕተት የሚሠራው እዚያ ነውና። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው የ20/80 እና የ40/60 የኮንዶሚኒየም ቤቶች ምዝገባ ተስፋ አድርገው የቆዩ ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸውን የሚረከቡት ፊኒሺንጉ ገና ሳይጠናቀቅ ነው። ይህ እንደ ችግር ይታያል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ትልቅ ዕድል ነው። ወለሉ ሳይነጠፍ፣ ግድግዳው የመጨረሻ ቀለም ሳይቀባ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው እጅ ላይ ባለው ዓይነት ላስቲክ ቱቦ ሦስት መንገድ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አንዱ ከጣሪያ ወይም ከበረንዳ እስከ ቴሌቪዥኑ፣ አንዱ ከመግቢያው በር እስከ ቤቱ መካከል፣ አንዱ ደግሞ ከቤቱ መካከል እስከ ቴሌቪዥኑ። ቱቦዎቹ ባዶ ቢሆኑም ግድ የለም፤ ዛሬ የመዳብ ገመድ፣ ነገ ፋይበር ይገባባቸዋል። ቱቦ ያልተቀበረበት ቤት ግን ገመድ በመስኮት ያስገባል፤ መስኮቱ አይገጥምም፣ ዝናብ ይገባል፣ ገመዱ ይሰበራል። በቤቱ መካከል ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኮንክሪት ምሰሶና የብሎኬት ግድግዳ የዋይፋይ ሞገድን ይውጣሉ፤ ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ደግሞ ከ2.4 ጊጋኸርዙ ይልቅ በግድግዳ ይሸነፋል። ራውተሩ ገመዱ በገባበት ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተደብቆ ሲቀመጥ መኝታ ቤት ያለው ሰው የከፈለበትን ፍጥነት ግማሹን እንኳ አያገኝም፤ ጥፋቱንም ለአቅራቢው ያደርገዋል።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ መስመር እንግባ። ለአንድ የከተማ ቤት በተግባር ሦስት መንገዶች አሉ፤ ፋይበር፣ የመደበኛ ስልክ የመዳብ መስመር፣ እና በሲም ካርድ የሚሠራ ገመድ አልባ ራውተር። ፋይበር ከፀጉር የማይወፍር መስታወት ውስጥ ብርሃን የሚልክ መስመር ነው፤ በከተማ ውስጥ ያለው ርቀት አያደክመውም፣ መብረቅና እርጥበትም እንደ መዳብ አይጎዱትም። አንዱ መስመር ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ሊከፋፈል ይችላል፤ ያም ሆኖ የሚከፋፈለው አቅም ሰፊ ስለሆነ ተጠቃሚው ብዙም አይሰማውም። የመዳብ መስመር ጠባዩ ሌላ ነው። ከቴሌ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይወድቃል፤ በወረቀት ላይ እስከ 24 ሜጋቢት የሚደርሰው ቴክኖሎጂ በአራትና በአምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ጥቂት ሜጋቢት ብቻ ይቀረዋል። ወደ ላይ የሚልከው ደግሞ ከሚያወርደው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ቪዲዮ ጥሪ ላይ እኛ ሌላውን ደህና እያየነው እሱ እኛን በቁርጥራጭ የሚያየን ጊዜ አለ። ሦስተኛው፣ ገመድ አልባው፣ በአንድ ቀን የሚገባና ከቤት ቤት ይዘውት የሚሄዱት ነው። ነገር ግን በአንድ ምሰሶ ሥር ያለው ሰፈር ሁሉ የሚካፈለው ሞገድ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የሠራው ማታ ሊያቃትት ይችላል። ስለዚህ ፋይበር ወደ ብሎኩ ገብቶ ከሆነ ምርጫው ከሞላ ጎደል አልቋል እላለሁ። ካልገባ ግን መዳቡን ከመፈረም በፊት ገመድ አልባውን መሞከር ይገባል።

የድርጅት ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ረጅም ዘመን ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ኢትዮ ቴሌኮም በዛሬ ስሙ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊትም በኋላም ገበያው የአንድ መንግሥታዊ ድርጅት ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ዋጋ ሲቀነስ የሞባይል ኢንተርኔት በ43 በመቶ፣ የመደበኛ ብሮድባንድ በ54 በመቶ መውረዱ ብዙ ቤቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋይፋይ አስገብቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁሞ ለውድድር በር ከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀመረ። ስለዚህ ዛሬ በሞባይልና በገመድ አልባ ኢንተርኔት ረገድ የሚወዳደሩ ሁለት ድርጅቶች አሉ። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ለሚለው ግን ለከተማ የሚሆን መልስ የለም፤ ለአንድ ክፍል የሚሆን መልስ ብቻ አለ። የሁለቱንም ሲም ካርድ ገዝቶ፣ አነስተኛ ፓኬጅ ሞልቶ፣ ራውተሩ ሊቀመጥ የታሰበበት ክፍል ውስጥ ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አንዱን ቀን በሥራ ቀን አንዱን በእሑድ መለካት ከማንም ምክር ይበልጣል። ቀን 5 ሰዓት ላይ የተለካ ፍጥነት ማታውን አይነግርም። ውጤቱ ሲነበብም ሜጋቢትና ሜጋባይት እንዳይምታቱ፤ 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው፤ 4 ሜጋቢት መስመር ላይ የ1 ጊጋባይት ፋይል ለማውረድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አሜሪካ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ሻጮች ትክክለኛውን ፍጥነት፣ የዳታውን ገደብና ሙሉ ዋጋውን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ለገዢው እንዲያሳዩ ታስገድዳለች። እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር ምኞቴ ነው፤ እስከዚያው ግን ገዢው እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ከመፈረሙ በፊት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል።

ክርክሬን የሚቃወሙ ሐሳቦች አሉ፤ አንዳንዶቹ ብርቱ ናቸው። የመጀመሪያው «የዛሬ ልጅ ጣቢያ አያይም፤ የሚያየው ዩቲዩብና ቲክቶክ ነው፤ ዲሽ ለማን?» የሚል ነው። ብቻውን ለሚኖር ወጣት ይህ እውነት ነው፤ ዲሽ ባያስገባ አልከራከረውም። ቤተሰብ ግን የአንድ ዕድሜ ሰዎች ስብስብ አይደለም። አያት የጸሎት መርሐ ግብራቸውን፣ አባት ዜናውን፣ እናት ተከታታይ ድራማዋን በሰዓቱ ይጠብቃሉ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ አስተርጉሞ ማቅረብ ሲጀምር ስንት ቤት በአንድ ሰዓት አብሮ ይቀመጥ እንደነበር የሚረሳ አይደለም። እንዲያውም የልጁ ዩቲዩብ ደህና እንዲሠራ ከተፈለገ የአዋቂዎቹ ቴሌቪዥን ከመስመሩ ላይ መውረድ አለበት፤ ዲሹ ለልጁም ይሠራለታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእግር ኳስ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በሕጋዊ መንገድ ቤቱ ተቀምጦ በሙሉ ማየት የሚፈልግ ሰው በነጻ ዲሽ ሁሉንም አያገኝም፤ የሚያገኘው በዲኤስቲቪ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም በ2013 ዓ.ም. የስርጭት መብቱን ለአምስት ዓመት ለዚሁ ወገን ሰጥቶ ነበር። ይህ ተቃውሞ ግን ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ዲኤስቲቪም የሚመጣው በዲሽ ነውና። የምለው የተከፈለበት ቴሌቪዥን ከነጻው ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካው እንዳይሆን ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅና ሊጉ ለዕረፍት ሲበተን ወርሃዊ ክፍያውን ማቆም ይቻላል፤ ነጻው ዲሽ ያለው ቤት ያን ጊዜ ባዶ አይቀርም።

ሦስተኛው ከውጭ ከተመለሱ ወገኖቻችን ዘንድ የሚሰማ ነው። አሜሪካ የኖረ ሰው ቴሌቪዥን፣ ኢንተርኔትና ስልክ በአንድ ገመድ፣ በአንድ ቢል ከአንድ ኩባንያ መግዛት ለምዷል፤ እዚህ ለየብቻ መሯሯጡ ኋላ ቀርነት ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ጥቅል እዚያ የተፈጠረው ቴሌቪዥን ያመጣ የነበረው የኬብል ገመድ አስቀድሞ በየቤቱ ስለነበረና ኢንተርኔቱ በኋላ በዚያው ላይ ስለተጫነ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ገመድ ኖሮ አያውቅም፤ ቴሌቪዥናችን ከሰማይ፣ ስልካችን ከመሬት ነው የመጣው። አሜሪካ ውስጥም ብዙ ቤተሰቦች ጥቅሉ ተወዶባቸው ኬብሉን እየቆረጡ ነው። እዚያ ያለ አበሻ የአገሩን ጣቢያ በኢንተርኔት ቢያይ ያስኬዳል፤ መስመሩ ሰፊ ነው፣ የናይልሳት ምልክትም ሜሪላንድ ድረስ አይደርስም። አዲስ አበባ ላለ ቤት ግን ሁለቱም ምክንያቶች አይሠሩም።

አራተኛውን ተቃውሞ በሙሉ ልቤ እቀበለዋለሁ። የኮንዶሚኒየም ጣሪያዎችና በረንዳዎች በዲሽ ተጨናንቀዋል፤ እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱን ብሎን ቆርቆሮው ላይ ሲበሳ ጣሪያው ያፈስሳል፣ የሚያፈስሰው ደግሞ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ቤት ላይ ነው። ገመዶቹ በሕንፃው ፊት ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ ማየትም አያምርም። መፍትሔው ግን ዲሹን መተው ሳይሆን መጋራት ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት ጣሪያው የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም ነው፤ የነዋሪዎች ማኅበርም የሚቋቋመው እንዲህ ያለውን የጋራ ንብረት እንዲያስተዳድር ነው። ለአንድ ብሎክ ሰፋ ያሉ ሁለት ዲሾች በአንድ ጠንካራ ብረት ላይ ታስረው፣ ምልክቱ በማከፋፈያ መሣሪያ ለየቤቱ ቢሰጥ ወጪው ለየቤቱ ሲካፈል ራሱን ችሎ ከመትከል ያነሰ ይሆናል። አስቸጋሪው ነገር ገንዘቡ አይደለም፤ ጎረቤት ገና ሳይተዋወቅ ስብሰባ መጥራቱ ነው። ስለዚህ አዲስ ነዋሪ ዲሽ ሠሪ ከመጥራቱ በፊት የማኅበሩን ኮሚቴ ቢያነጋግር፣ ኮሚቴ ገና ካልተመረጠም በደረጃው ላይ ያሉትን ስምንት ወይም አሥር ቤቶች ቢያማክር ይበጃል። ፋይበርም ቢሆን ከአንድ ሰው ይልቅ አንድ ብሎክ በአንድነት ሲጠይቅ ጥያቄው ክብደት ይኖረዋል።

የመብራት ነገር በአጭሩ ይነሣ። መብራት ሲጠፋ ዲሽም ፋይበርም ያው ናቸው፤ ነገር ግን የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ አብረው የሚወስዱት ኃይል ጥቂት ዋት ብቻ ስለሆነ በ12 ቮልት የምትሠራ አነስተኛ ባትሪ ለሰዓታት ታቆያቸዋለች። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ የሚል ኃይል ግን ሪሲቨርንም ቴሌቪዥንንም ያቃጥላል፤ ስታቢላይዘር ሳይገዙ ትልቅ ስክሪን መግዛት ተገቢ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ የተነገረው ግድግዳውን ሊነካ ለሚችል ባለቤት ነው። ተከራይ ስሌቱ ይለያል፤ ቱቦ አይቀብርም፣ በስሙ የገባ ፋይበርም ሲለቅ ዝውውር ጠይቆ ሊጠብቅ ይገደዳል። ለእሱ በሲም ካርድ የሚሠራው ራውተር፣ በወረቀት ላይ ቢያንስም፣ የተሻለው ምርጫ ነው፤ ማታ ለክቶ ከሁለቱ ድርጅቶች ለዚያ ክፍል የሚበልጠውን ይያዝ። ዲሹን ግን እሱም አይተወው። ዲሽ ተፈትቶ ወደሚቀጥለው ቤት የሚሄድ ንብረት ነው፤ እንዲያውም የተከራይ ዳታ የተቆጠረ በመሆኑ ከባለቤቱ ይበልጥ ለእሱ ያስፈልገዋል። ቤት ሊከራይ ሲሄድ ከውኃውና ከመብራቱ ቆጣሪ ቀጥሎ በረንዳው ወደ የት እንደሚያይ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ሕንፃ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በሕንፃው ላይ የጋራ ዲሽ እንዳለ ይጠይቅ። አከራዩ ቀድሞ የተከለው ዲሽ ካለም የትኛውን ሳተላይት እንደሚያይ ሪሲቨር አስከፍቶ ያረጋግጥ፤ ኪራዩ ከመፈረሙ በፊት።